ለእኔ የማይነሱበት አውቶቡስ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 24

አፒያ ከተማ ትምህርት ቤት የሚያደርሰን አውቶቡስ እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ሴት ስትገባ ወንዶቹ ማንም ሳይነግራቸው ይነሳሉ፣ ወደ ኋላ ሄደው ጓደኛቸው ጭን ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ስገባ ግን ሁሉም በመስኮት ባሕሩን ያያሉ። ባሕር አይተው የማያውቁ ይመስል። የሰፈራችን ልጅ ዮአኔ ደግሞ "ሹፌር፣ ሉፔ ገብታለች፣ ጎማህን እየው" አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን አስቆኝ ነው? እስካሁን ንዴቴ አልበረደም... በእሱ ቢሆን ጥሩ። በራሴ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26

እማዬ ታሮ የሚባለውን ሥር በኮኮናት ወተት ቀቅላ፣ ሳህኑ ላይ ቆልላ አቀረበች። በቃኝ ስላት "ሰው ልጃቸውን አያበሉም ይበለን?" አለችኝ። በላሁ። ሳህኑን ሳነሳ ክንዴን ቆንጠጥ አድርጋ "ይሄን ብትቀንሺው እኮ ቆንጆ ነበርሽ" አለችኝ።

ነበርሽ... የቱን ልስማት?

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30

የአጎቴን ልጅ ቴዊላን አሳፈርኳትና እኔ ቀረሁ። ከዛፉ ጀርባ ቆሜ አውቶቡሱን ሸኘሁት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 4

ዛሬም ቀረሁ። እማዬ አላወቀችም። ፈተና ደርሷል፣ ይለፈኝ። መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ። ሰው ሳያየኝ መኖር የሚቻልበት አገር የለም?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 5

ቴዊላ የሙዝ ቦምቦሊኖዋን ለውሻ ስትሰጥ ያዝኳት።

"ምነው፣ አሞሻል?"

"ዮአኔ አንቺም ነገ እንደ ሉፔ ነሽ አለኝ።"

ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ሆዷን በሁለት እጇ ጨብጣ ትስበዋለች። እኔ መስታወት ፊት የማደርገውን። ከእኔ ነው ያየችው... ደሜ ፈላ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ገባሁ። ቴዊላን እጇን ይዤ ዮአኔ ፊት ቆምኩ። ባሕሩን ያያል።

"ተነስ።"

"እ?"

"ለሌላዋ ሴት እንደምትነሳው ተነስ።"

"ስንት ሰው ይነሳልሽ? ሁለት? ሦስት?"

ጓደኞቹ ሳቁ። እንባዬ መጣ። ይምጣ። "እኔን ያሻህን በል። ይቺን ልጅ ሁለተኛ ብትናገራት ግን እናትህ ደጅ መጥቼ፣ ሰፈሩ እየሰማ ነው የምነግራት።"

ከፊት አንዲት አሮጊት ዞር እንኳ ሳይሉ "የማን ልጅ ነው እዚያ የተቀመጠው?" አሉ።

ሳቁ ቆመ። ዮአኔ ብድግ አለ። ጭኑን የሚሰጠው ጓደኛ ግን አልተገኘም። እስከ አፒያ አንገቱን ሰብሮ፣ ጣሪያውን በጀርባው ተደግፎ ሄደ። አላሳዘነኝም።

ቴዊላ ጭኔ ላይ ተመቻቸች። "ያንቺ ጭን ነው የሚመቸው" አለችኝ።

አሁንም ተናድጃለሁ። በራሴ ግን አይደለም። የእማዬ ተራ ማታ ነው፣ የቀረሁበትንም፣ ክንዴንም አንስተን እንነጋገራለን።

ከቤት የያዝኩትን የሙዝ ቦምቦሊኖ ከቦርሳ አወጣሁ። ለሁለት ገመስነው። ሰው እያየን በላን።