ሠላሳ የሚለው ሰሌዳ

ለተወደድህ የእህቴ ልጅ መኩሪያ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ተረዳ፦ የባቡር ፍጥነት ወሰን ለጭብጨባ ተብሎ አይጣስም። እኛ ሐረር ደህና ነን፤ አንተንስ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል?

እሑድ ዕለት የሥራ ባልደረባህን ዘለቀን ሸዋ በር ሻይ ቤት አገኘሁት። በምርት ዘመቻው ባቡሩን ቀድሞ በማድረሱ የተሸለመውን ሪቫን ደረቱ ላይ ለጥፏል።

«ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሠላሳ የሚለውን ሰሌዳ በስድሳ ሳልፈው እጄን አውለበልብለታለሁ!» ሲል ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከኋላው በሚጎትተው ፉርጎ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ የጠየቀው የለም። ተጸየፍኩት፤ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

«መኩሪያም በሚቀጥለው ወር እበልጥሃለሁ ብሎኛል!» አለኝ ከኋላዬ። ውሸታም ብዬው ወጣሁ።

እናትህ ለሠርግህ ጋቢ እያስፈተለች ነው። የሰማሁትን አልነገርኳትም።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ያን ቁልቁለት በስንት እንደምትወርድ በራስህ እጅ ጽፈህ ቶሎ ላክልኝ።

አጎትህ ታፈረ