በወይን ጠጅ ስለተጠመቀው ሰርቨር

ለክቡር ዶክተር ኤቫሪስቶ ቬላርዴ
የዩኒቨርሲቲያችን የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት
ሳን ክሪሶስቶሞ፣ ፔሩ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? በተለይ ቀኝ እጅዎ እንዴት ነው? ከሦስት ሳምንት በፊት መዶሻ ያነሳው ብርቱ እጅ አዲስ ሰርቨር እንዲገዛ አንዲት ፊርማ መፈረም ስላቃተው፣ ወለምታ እንዳይሆን ብለን ሰግተናል። ምስጋናችንን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ክቡርነትዎ «አቧራ ጠራጊዎቹ» የሚሉን አራት የቤተ መጻሕፍት ሴቶች፣ ተመራቂዎች ጥናታቸውን ያስረከቡበትን ሲዲ አንድ በአንድ እየከፈትን፣ ባለቤቶቹን እያፈላለግን እያስፈቀድን፣ ማንም በነጻ የሚያነበው የጥናት ማኅደር ለመሥራት ስድስት ዓመት ደክመናል። ለማኅደሩ ምረቃ ስላልጠሩን እናመሰግናለን፤ ብንኖር ኖሮ ሳንጮህ አንቀርም ነበር።

ሁለተኛ፣ የምረቃው ክርስትና አባት ሆነው አኩርተውናል። ጠርሙስ ካልተሰበረበት እዚህ አገር ዳቦ ቤትም ተመረቀ አይባልም። «የማይታይ ነገር ምኑ ይመረቃል? ሕዝቡ ምኑን ሊያይ ነው? አውጡትና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት» ብለው ማኅደሩ ያለበትን ሰርቨር ከነሽቦው ወደ አዳራሽ ማስወጣትዎ፣ ሪባን የታሰረለትን የወይን ጠጅ ጠርሙስም በላዩ አንጠልጥለው በመዶሻ መምታትዎ ግን ከእርስዎ በፊት በማንም አልታሰበም። አራት ሺህ ጥናት ጢስ ሆኖ ቀረ። ጭብጨባው ደማቅ ነበር አሉ።

ሦስተኛ፣ አጣሪ ኮሚቴው ጥፋቱ «ኃላፊዋ ሰርቨሩን በላስቲክ አለመሸፈኗ» መሆኑን በደብዳቤ ገልጾልኛል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ክቡርነትዎን በአህያ የሚመስል አንደበት ይቆረጥ እንጂ፣ ዳውላዋስ እኔ ነኝ።

አራተኛው ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። ዩዲት ኮራዋ የምትባል የገጠር ነርስ በየቀኑ ትደውል ነበር። በመንደሯ መርዝ ያለበት የጉድጓድ ውኃ የትኛው እንደሆነ ያጠናው አንድ ተማሪያችን ነው፤ የጥናቱን የወረቀት ቅጂ «ዲጂታል ሆነናል» ብለው ለካርቶን ፋብሪካ የሰጡት እርስዎ ነዎት። «እትዬ ግሪማኔሳ፣ ልጆቹ እየጠጡ ነው እኮ። ሁሉንም ብዘጋ ምን ሊጠጡ ነው? የቱን ልዝጋ?» ስትለኝ አፍሬያለሁ።

ደግነቱ፣ «ይህን ቆሻሻ ጣሉ» ያሉንን ሲዲዎች አልጣልናቸውም፤ በድንች ጆንያ አጭቀን እኔ ቤት አስቀምጠናቸው ነበር። ሦስት ሳምንት ስንበረብር ከርመን የጉድጓዶቹን ጥናት ትናንት ከአሥራ አንደኛው ጆንያ አገኘነው። ሁለት ጉድጓዶች ተዘግተዋል። ልጆቹ ሦስት ሳምንት የጠጡትን ግን መልሶ የሚያወጣ የለም፤ ይህን ለኮሚቴው ይንገሩልኝ።

የመዶሻዎ አድናቂ፣ የላስቲክ ባለዕዳ፣ ታዛዥ አቧራ ጠራጊዎ፣
ግሪማኔሳ ኦሬ
የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ

ማስታወሻ፦ ከዚያው ጆንያ የክቡርነትዎ የመመረቂያ ጽሑፍም ወጥቷል። «ለማንም እንዳይከፈት» ያሉት ትእዛዝ ተመዝግቦ የነበረው ሰርቨሩ ላይ ስለነበር አብሮ በወይን ጠጅ ጠፍቷል፤ እኛም ሳናውቅ በቤተ መጻሕፍቱ አሮጌ ኮምፒውተር ከሌሎቹ ጋር ለሁሉም ከፈትነው። ዛሬ ጠዋት አንድ አንባቢ ከገጽ አርባ እስከ ሰባ ያለው ከእርስዎ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ ከተመረቀ ሰው ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል አንድ የሆነበትን ምክንያት ጠየቀኝ። እኔ አቧራ ጠራጊ ነኝና የእርስዎን ስልክ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።