በስልክ የታዘዘው አስታማሚ

ይድረስ ለአንድ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትህ? ሥራህ፣ ያ ከእጅህ የማይለየው ስልክህ ደኅና ናቸው? እኔ ከአባትህ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶኝ አለሁ። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ከሸበትሁ ወዲያ ነውና መስመሬ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ። በስልክ ልንገርህ ብል ታቋርጠኛለህ።

በደወልህ ቁጥር "አባባ ሲሞቱ ምን ብለው መረቁኝ?" ትለኛለህ። እንግዲህ ስማ።

አባትህ አልጋ ሲይዙ ና አልሁህ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ሰው በሚታዘዝበት አፕ አስታማሚ አዝዤላችኋለሁ አልህ። ምሥጋናው የሚባል ልጅ መጣ። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ሥራ የፈታ አስጎብኚ ነው። ደጅ ቆሞ፣ "እማማ፣ አስታማሚ የታዘዘው እዚህ ቤት ነው?" ቢለኝ፣ "እኔስ ያዘዝሁት ልጄን ነበር፤ እሱ ከሌለ አንተው ግባ" አልሁት።

ገላቸውን አጠበ፤ ከነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ጠበል ተሸክሞ አመጣ። ስልኩ ሰዓትህ አልቋል ብሎ ሲጮህ የስልኩን አፍ ዘግቶ አጠገባቸው ይቀመጥ ነበር።

አባትህ ዓይናቸው እንደጠፋ ታውቃለህ። በመጨረሻዋ ዕለት "ልጄ አልመጣም?" አሉ። እስከ መቼ መንገድ ላይ ነው ልበላቸው? የምሥጋናውን እጅ ስቤ እጃቸው ላይ አኖርሁና "ይኸው መጣ" አልሁ። "ኧረ እኔ…" ብሎ ሲጀምር ክንዱን ቆነጠጥሁት። አባትህ መዳፉን ዳበሱና፣ "ሻክሯል፤ ከተማ ገብተህም ሥራ አልናቅህም" ብለው ደስ አላቸው። በስምህ ጠርተው፣ "ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ፣ የወለድኸው ይድረስልህ" ብለው ራሱ ላይ እጃቸውን ጫኑ። አንገቱን ደፍቶ አሜን አለ። እኔም አሜን አልሁ።

ከቀብር ማግስት ደውለህ፣ ልጁ ጎበዝ ነው፣ አምስት ኮከብ ሰጠሁት አልኸኝ። አንተ ኮከብ ሰጠኸው፤ አባትህ ምርቃታቸውን ሰጡት። ካሁን ወዲያ ተቀብዬ ልመልስልህ አልችልም።

ለአርባቸው ሰው አትዘዝብኝ። ምሥጋናው ሳይታዘዝ ይመጣል። ለአንተ የቀረህ የእኔ ምርቃት ነው፤ እሱም ራስ ዳብሰው የሚሰጡት እንጂ በስልክ የሚላክ አይደለም። ይህችን ወረቀት ከመስኮቱ ሥር ይዣት ሰነበትሁ፤ ፀሐዩም ለዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም።

ላሊበላ መንገድህን ያቅናልህ። ስትመጣ ዝም ብለህ አትግባ። ከደጅ ሆነህ ስምህን ጥራ፤ ድምፅህን አልስትም።

እናትህ