ትራሴ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች

ሰኞ
አልሰጠውም ብያለሁ፣ አልሰጠውም! ጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ፣ የቀረችንን አንዲት ትንሽ የወንጌል መጽሐፍ ገነጣጥለን ለአምስት ተካፍለናታል። የኔ ድርሻ አሥራ አንድ የወንጌል ቅጠል ነው፤ ትራሴ ውስጥ ሰፍቼዋለሁ። ዛሬ እትዬ ስንዱ ቤት ተሰብስበን ሳለ ልብስ ሰፊው እንየው "በቃላችሁ አጥኑና ወረቀቱን ስጡኝ፤ አቃጥለዋለሁ" አለ። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ከመጣ ገና ሦስት ወሩ! ሌሎቹ ሰጡት። ሲያቃጥል ያየ ግን የለም።

ማክሰኞ
ትምህርቱ ያምራል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ግብፅም፣ ፈርዖንም፣ የተከፈለው ባሕርም እኛው ውስጥ ናቸው ይላል። ቤተ መቅደሱም ውስጣችን ስለሆነ ለታሸገው ቤት አትዘኑ ይላል። ይኼ ለማን ይመቻል? ላሸገው! ሲጸልይ ደግሞ በአገውኛ ነው፤ አንድም ቃል አይገባኝ። እንደ ምክሩ ዓይኔን ጨፍኜ እግዚአብሔርን ውስጤ ፈለግሁት። ያገኘሁት እንየውን ነው፣ ከነመቀሱ።

ሐሙስ
ከማስተምርበት ክፍል በር ላይ ጠበቀኝ። "ቅዳሜ ፍተሻ አለ። ለቀበሌው ሊቀመንበር ሱሪ ስለካ ሰማሁ። የቀረው ያንቺ ብቻ ነው፣ አምጪው" አለኝ።
ሱሪ እየተለካ ምስጢር የሚያወራ ሊቀመንበር? ከሰዓት በኋላ ያረምኩትን የሦስተኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ወረቀት በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጥብቅ አድርጌ አስሬ፣ ሱቁ ድረስ ወስጄ "ይኸው ጋሼ" አልኩት። ሰላይ ከሆነ ለቀበሌ ሲያስረክብ ሒሳብ ያገኙበታል፤ ያኔ ይለይለታል።

ቅዳሜ
ፈታሾቹ ጠዋት ቤቴ ገብተው ፍራሹን ገለበጡ፤ ትራሱን አልነኩም። ረፋዱ ላይ ቀበሌ ጠሩኝ። እዚያው፣ የድሮው ጸሎት ቤታችን ውስጥ፣ እንየው ከንፈሩ አብጦ ቆሟል። የተማሪዎቼ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተበትኗል።
"ጓድ መምህርት" አለኝ ሊቀመንበሩ፣ "ጥቅሉን ሱቁ ውስጥ ይዘንበት የማን ነው ብንለው፣ የኔ ነው፣ ማንም የለበትም ብሎ ድርቅ አለ። ስንፈታው የሕፃናት ሒሳብ! ምንድን ነው ነገሩ?"
"የልብስ ልክ መቁረጫ ይሁነው ብዬ የሰጠሁት ነው" አልኩ።
ሳቁበትና ለቀቁት። እሱ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እንዳላመንኩት ያን ጊዜ ገባው። እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም።

እሑድ
ሱቁ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፤ ያመለጠኝ ግን ሌላ ነው። "ሐሙስ የወሰዱትን እስከ ቅዳሜ ለምን አላቃጠሉትም?"
መርፌውን አስቀመጠ። "የመጨረሻዋ ናት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ። ከፈታኋት ደግሞ ጭራሽ እንደማልችል አውቃለሁ።"
ሁሉም ውስጣችን ነው ሲል የከረመው ሰውዬ! ያበጠ ከንፈሩን ይዞ ሳቅ አለና "ካየኋቸው ልጆች ሦስት አይሞሉም ያለፉት። ሳታስተምሪ ነው እንዴ የምትፈትኚው?" አለኝ።
ቤት ገብቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁንም ያገኘሁት እንየውን ነው፣ "የኔ ነው" ሲል። ከእሱ ወዲያ ደግሞ አንድ ነገር ነበር፤ ጠጋ ብዬ ለማየት ፈራሁ።
ትራሴን ተርትሬ የእሱ ድርሻ ይሁን ብዬ አምስት ቅጠል አወጣሁለት። ስድስቱን መልሼ ሰፋሁ።