ከምንጩ በላይ ያለው የባንጅ አናት

ውድ ፓሩሊ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ሐንሲዬ፣ የሜዳው ሙቀት ሊገድለኝ ነው፤ ለሆሊ በዓል እመጣለሁ፣ እንደ ድሯችን ምንጩ ዳር ቁጭ ብለን እንስቃለን» ብለሻል። መሳቁ ይቅርብን። እኔ የምጠብቀው አንድ ቃል ነበር፤ ወረቀቱን ገልብጬም ባየው የለም።

በረዶ የጣለበትን ያን ሰሞን መቼም አትረሺውም። እኔ በትኩሳት ወድቄ የማልባት ጎሼ ሁለት ቀን ጦሟን ዋለች። ጩኸቷን ሰምተሽ ማጭድሽን ይዘሽ ወጣሽ። የታችኛው ቅርንጫፍ ሁሉ ተመልምሎ ስላለቀ፣ ለጎሉ አምላክ ተሰጥቶ መቁረጥ በተከለከለው ደን ገብተሽ ከምንጩ በላይ ያለውን የባንጅ ዛፍ አናቱን ቆረጥሽው። ሸክሙን ግቢዬ ስትጥይው ቅጠሉ ተገልብጦ ነጭ ፀጉራም ጀርባው ታየኝ።

«አንቺ፣ ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኩሽ።

«ዝም ብለሽ አብያት፤ ጎሽ አይናገር!» ብለሽ ሳቅሽ።

ያን ቀን ወደድኩሽ። ይህንንም አልክድም።

በሳምንቱ የደን ሸንጎው ሊቀመንበር ጋሼ ዲዋን ሲንግ የተቆረጠውን ጉቶ አይተው መጡ። «ይሄ የግራ እጅ አቆራረጥ ነው» አሉ። በመንደሩ ግራኝ ሴቶች እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ ቅጠሉ ደግሞ የተገኘው እኔ ግቢ ነው።

«ታምሜ ተኝቼ ነበር» አልኩ።

«ጉድ እኮ ነው! የእሷ ትኩሳት ዛፍ ላይ ይወጣል!» አለች አማትሽ፤ ሴቱ ሁሉ ሳቀ።

አየሁሽ። አንቺ መሬት መሬቱን ታያለሽ። ስምሽን ብጠራ አማትሽ ከቤት እንደምታባርርሽ ስለማውቅ አፌን ያዝኩ። ማታ በአጥር በኩል «ነገ እናገራለሁ» አልሽኝ። በነጋታው ከባልሽ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረሽ ወደ ሜዳው አገር ወረድሽ። ጎሿስ አፍ የላትም፤ አንቺን ምን ነካሽ?

ማጭዴን ወስደው ሸንጎው ቤት ሰቀሉት። ደን ስለተከለከልኩ ጎሿን ሸጥኳት። «ቆርጫለሁ፣ ይቅር በሉኝ በይና ውሰጂው» ይሉኛል በየዓመቱ። ያልቆረጥኩትን አልልም። ውሃ ልቀዳ ስወርድ ሴቶቹ «አናት ቆራጯ መጣች» እያሉ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። ልጄም ይህንን ሰምታ ጠየቀችኝ።

ባንጁ አልሞተም። ከጉቶው እንደ መጥረጊያ የተጠቀጠቀ ቀንበጥ አውጥቷል፤ ዳሩ እንደ መጋዝ የተሳለ አዲስ ቅጠልም አለው። ፍሬ ግን የለውም። ባንጅ ካበበ በኋላ ፍሬውን ለማብሰል ሁለት የብርድ ወቅት ይፈልጋል፤ እኔ ላንቺ ሦስት ሰጠሁሽ።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ሁለት አድርጌ ጻፍኩት። አንዱ ይኸው እጅሽ ገብቷል። ሌላውን ሰው ሁሉ አቤቱታውን በሚሰቅልበት በጎሉ መቅደስ፣ ከደወሎቹ መሃል አሰርኩት። ለሆሊ መንደሩ በሙሉ እዚያ ይወጣል፤ ማንበብ የሚችልም አይጠፋም። ቀድመሽ ከደረስሽ፣ ከአፍሽ ይስሙት፤ ወረቀቱንም በራስሽ እጅ ፍቺው።

በግራ እጇ የጻፈችልሽ፣
ሐንሲ