ስልክ የሌለበት ጠበል

ለውድ እህቴ ለእትዬ ማንአልሞሽ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ የጠዋት ጠዋት ሳል ተወዎት? እንቅልፍዎስ? እህል ይቀምሳሉ? መልሱን ልጅዎ ጥሩዬ እንድትነግረኝ አልፈልግም። ክፉ ሆና አይደለም፤ ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው። እኔ ከዝናቡ በቀር ደህና ነኝ።

አሜሪካ፣ ልጄ ሳሮን ጋ ከመጣሁ ሰባት ሳምንት ሆነኝ። ስለ አገሩ እጽፍልዎታለሁ ብዬ ነበር። እዚህ ሰው በዝናብ ጃንጥላ አይዝም፤ ውሻው ግን ካፖርት ለብሶ ይሄዳል። ከአውቶቡስ የሚወርድ ሁሉ ሾፌሩን ያመሰግናል፣ በኋላ በር የሚወርደው ሳይቀር፣ ጮክ ብሎ። ጎረቤታችን ስለ አየሩ አሥር ደቂቃ ያወራኛል። ስሜን እስካሁን አልጠየቀኝም።

አንድ ቀን ካፒቶል ሂል ወደሚባለው ሰፈር በአውቶቡስ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ስልኳ ጮኸ። አዳመጠች። ሁለት ጊዜ «ኦኬ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እናቴ ሞተች አለችኝ፤ ሰዓት የጠየቅኋት ያህል። መውረጃዋ ሲደርስ ሾፌሩን አመስግና ወረደች። ያን ቀን፣ ሰው የላትም ብዬ አዘንኩላት። አሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ሦስት እሁድ ደወልኩልዎ። በመጀመሪያው ጥሩዬ ተኝታለች አለችኝ። በሁለተኛው ጎረቤት ሄዳለች አለች፤ ድምፅዋ ታፍኖ ነበር፣ ጉንፋን ነው አለች። በሦስተኛው «እማዬ ጠበል ሄዳለች፣ ጋሼ» አለችኝ።

እትዬ፣ ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ጎረቤታችን አማረ ጅቡቲ ሳለ እናቱ የሞቱ ጊዜ፣ በደወለ ቁጥር የምንለው ጠፍቶን ነበር። መላውን ያመጡት እርስዎ ነዎት። «ጠበል በሉት፤ እዚያ ስልክ የለም» አሉን። እኔም በዚህ በአስተማሪ ድምፄ አንድ ወር ሙሉ ጠበል ናቸው እያልኩ ነገርኩት። ለፋሲካ መጣ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ዐሥራ ሁለት ሆነን መርዶ ልንነግረው በሩ ላይ ቆምን። ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ከፈተ፣ ፊታችንን አየ፣ አንድ ቃል ሳንተነፍስ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለበትም ብለን ነው ያደረግነው። ደግ ሥራ መስሎን ነበር። ደግ ሥራም ነበር። ያን ወር እሱ ምን ሲያስብ እንደ ከረመ ግን ጠይቀነው አናውቅም።

ካለፈው እሁድ ወዲህ ቤቱን እያየሁት ነው። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሠላሳ ነጭ ተጣጣፊ ወንበሮች አሉ፣ አንሶላ ለብሰው። ቆጠርኳቸው። የሳሮንን ባል ናኦድን ለምንድን ነው አልኩት። «ለማኅበር ነው፣ አባባ፤ ሶ፣ እዚህ ፓርክ አድርገናቸው ነው» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ሬንተን ያለው የአውሮፕላን ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ሥራ ሳይገባ ቀርቶ አያውቅም፤ የዛሬዋን ቅዳሜ ግን ኦፍ ወስዷል። ሳሮን ስልክህ ተበላሽቷል ብላ ወስዳ አልመለሰችልኝም። የአገራችን ልጅ፣ ባለ ሱቁ አንሳር፣ ገና ከበር ስገባ «መምህር፣ ዛሬም ከዝናቡ ጋር በኮት ሊከራከሩ ነው?» ይለኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት አልቀለደም። እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ቶሎም አልለቀቀኝም።

ሳሮንን ፊት ለፊት ልጠይቃት እችል ነበር። አልጠየቅኋትም። እስካልጠየቅኋት ድረስ እርስዎ ጠበል ነዎት።

አሁን ሊነጋ ነው። በመስኮቱ አንድ መኪና ሲቆም አየሁ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። እዚህ አገር የመኪና በር የሚዘጋው በጉልበት ነው፤ እነዚህ ቀስ አድርገው ዘጉት። የአንሳርን ሳል ለየሁት። እኔም ልብሴን ለብሻለሁ፤ እርስዎ የመረጡልኝን ግራጫውን ኮት።

እባክዎ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ራስዎ ይክፈቱት። ጥሩዬ እንድታነብልዎ አይፍቀዱላት። መነጽርዎ ሬዲዮው ላይ ነው፤ ስወጣ እዚያ ሲያስቀምጡት አይቻለሁ። አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ተቆጥተውም ቢሆን ይጻፉልኝ። «አንተ ጅል፣ ጠበል ነበርኩ» ይበሉኝ።

ለጥሩዬ፣ አልተቀየምኳትም ይበሉልኝ። ለባለቤቷ ለዓምደ ሚካኤል ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የጓሮውን በር ማጠፊያ እንዳይረሳው። ሳሎን ውስጥ ለምትተኛው ለዚያች ለሰነፏ ድመትዎ ሳይቀር። አማረን ደግሞ በደጅ ሲያልፍ ካገኙት አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ያን ወር ሙሉ ያውቅ ነበር ወይ?

የውጭውን በር ሳያንኳኩ ሳሮን ከፈተችላቸው። አሁን የእኔን ክፍል በር እያንኳኩ ነው። ፖስታው ላይ ስምዎን ጽፌ ሳልጨርስ አልከፍትላቸውም።

ወንድምዎ አክሊሉ

ሲያትል፣ ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም.