ዘንዶው ዶሮ የሆነ ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለአፀደ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደሴን ዳገት ለመድሽው ወይስ አሁንም እየተራገምሽ ነው የምትወጪው? ባለቤትሽ ጋሼ ብርሃኑስ ደህና ናቸው? የቤዛዊት የወለቀው ጥርስ በቀለላት? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ነገሩን በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ገና "ዘንዶ" ስል ሳቅሽ ስላስቆመኝ፣ ይኸው በወረቀት ጻፍኩልሽ። ወረቀት ላይ አታቋርጪኝም።

ነገሩ ከደቻሳ ጋር መጣላቴ ነው። አዎ፣ የኛው ደቻሳ፣ አባባ ሲያርፉ ከድንኳኑ ሦስት ቀን ያልተለየኝ ደቻሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን ቆየን። ምክንያቱን ስነግርሽ በመጀመሪያ ፍረጂ፣ ከዚያ ብትፈልጊ ሳቂ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጋሽ እሸቴ የእንጨት ሥራ ቤት፣ በትልቁ የሥራ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበን እንጫወታለን። ልጃቸው ያቤጽ ተረቱን ያወራል። እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን በተረቱ ውስጥ አንድ ሰው ይዘን "እንዲህ አደርጋለሁ" እንላለን፤ መሳካት አለመሳካቱን ሃያ ገጽ ያለው፣ በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ተጥሎ ይወስናል። የእያንዳንዱ ሰው ደረጃና የቀረችው ሕይወቱ በቁጥር ወረቀት ላይ ይመዘገባል። የኔ ሰው ደፋሩ የሚባል ጎራዴኛ ነው፤ የደቻሳ አስማተኛ ነው። በጀመርንበት ዓመት ያ አስማተኛ ድመት ብትቧጭረው ይሞት ነበር፣ እውነቴን ነው! ከየጦርነቱ ተሸክሜ የማወጣው እኔ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ተጫውተን አሁን አሥራ ሰባተኛ ደረጃ ደረስን። እሱ ጊዜ ያቆማል፣ ከሰማይ ኮከብ ያወርዳል፣ ግድግዳ አልፎ ሌላ ዓለም ይገባል። እኔስ? በጎራዴ እመታለሁ። ድሮ አንዴ እመታ ነበር፣ አሁን አራቴ እመታለሁ። እድገቴ ይቺው ናት!

መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለት ወር የተዘጋጀንለትን ዘንዶ ገጠምን። ደፋሩ ፊት ለፊት ቆሞ ይከትፈዋል፣ ዘንዶውም እሳት ይተፋበታል፤ እኔ ላብ በላብ ሆኜ "ወደኋላ አልልም!" እያልኩ እፎክራለሁ። ደቻሳ ተራው ሲደርስ ቀስ ብሎ ጊዜን አቆመና ዘንዶውን ዶሮ አደረገው። ዶሮ፣ አፀደ! እንቁላል የምትጥል ገብስማ ዶሮ! ይሄም አልበቃው ብሎ ወደኔ ዞረና፣ በል መሐሪ፣ አሁን ያንተ ሥራ ደረሰ፣ ባርከህ እረዳት አለኝ። ያቤጽ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈልቶ ዳይሴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ወሬው ጋሽ እሸቴ ጆሮ ደረሰ። የቦሌ ሚካኤልን ጠብ ሁሉ ካላስታረቁ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው አይደሉ? ትናንት ከዕድሩ ሁለት ሽማግሌዎች ጨምረው ተሰየሙና አስጠሩን። ገና ከመቀመጣችን፣ ተበዳይ ነው የተባለው ደፋሩ የታለ፣ ሰው በሌለበት አይፈረድም አሉ። ለካ ወንበር ሁሉ አስቀምጠውለታል! ያቤጽ እየተንተባተበ፣ አባዬ፣ ደፋሩ ማለት ይሄ ወረቀት ነው አላቸው። እሳቸው ምንም ሳይደነግጡ ወረቀቱን ተቀብለው፣ ደህና፣ ከመጣ ይበቃል አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። አሥራ ሰባት ደረጃ? ታዲያ ሹመቱ የታለ? ግዛቱስ? ይሄን ሁሉ ዘመን ተዋግቶ ዛሬም እንደ ምልምል ብቻውን በእግሩ ይኳትናል? የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው ብለው ልጃቸው ላይ ጮኹበት። ጎራዴ የያዘ ሰው የሚከበረው በክንዱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው በሚሰለፈው ሰው ነው አሉ። እዚያው ደፋሩ ደጃዝማች እንዲባል፣ አንድ አውራጃና ሦስት መቶ ጦረኛም እንዲሰጠው ፈረዱ። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ዘንዶው ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ይገባዋል አሉ። እኔማ ጣራ ልነካ ምንም አልቀረኝ!

ጋሽ እሸቴ ግን ወረቀቱን አልለቀቁም። "ሕይወት" ከሚለው ጎን በእርሳስ የተጻፈችው አራት ምንድን ናት ብለው ጠየቁ። ደቻሳ መሬት መሬቱን እያየ መለሰላቸው። የቀረችው ነፍሱ ናት አለ፤ ከመቶ ስድሳው የተረፈችው አራት ብቻ ነበረች፣ ዘንዶው አንዴ ቢተነፍስበት አብቅቶለት ነበር፣ ወደኋላ በል ብለው አልሰማኝም፣ ጊዜውን ያቆምኩት ለዚህ ነው አለ። ቀጥሎም፣ የዶሮዋ ቀልድ ግን ጥፋቴ ነው፣ ይቅር ይበለኝ አለ።

አፀድዬ፣ ክው አልኩ። ቁጥሯን በገዛ እጄ ጽፌያት በፉከራዬ መሃል ረስቻታለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጎራዴዬን ናቀው እያልኩ ሳማው፣ እሱ እኔ ያላየሁትን ሞት አይቶልኝ ኖሯል። አፈርኩ። ዕንባዬም መጣ፤ ለወረቀት ሰው አለቀሰ ብለሽ ብትስቂም ሳቂ። ጉልበቱ ላይ ልወድቅ ስል አንስቶ አቀፈኝ፣ ሽማግሌዎቹም መረቁን።

በይ እንግዲህ፣ ጋሼ ብርሃኑን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። የአማትሽን የእማማ ዓለሚቱን ጉልበት ስሜያለሁ። ቤዛዊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ደቻሳ ይሄን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ዶሮዋ ትልቅ እንደነበረች ጻፍላት እያለ ይጨቀጭቀኛል፤ እሱም ሰላም ብሎሻል። ደጃዝማች ደፋሩም ከነሦስት መቶ ጦረኛው እጅ ይነሳል። የመጀመሪያው አዋጁ፣ አስማተኛውን የነካ ወዮለት የሚል ነው።

ወንድምሽ መሐሪ
ቦሌ ሚካኤል፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.